ዓም ኢድሪስና አራቱ ቁርስ በላተኞች

ዓም ኢድሪስ መሞታቸውን የነገረችኝ ሐሊማ ናት። ረቡዕ ረፋዱ ላይ ደውላ «ትርንጎ፣ ሄዱ» አለችኝ። ማን እንደሄደ አልጠየቅኋትም። ሐሊማ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ናት፣ ነርስም ስለሆነች ሞት አዲስ ነገር አይሆንባትም፤ ድምፅዋን እንዲያ ዝቅ አድርጋ የምታረዳኝ ሰው ለሁለታችን አንድ ብቻ ነበር።

ልቅሶ ቤት ሴቶቹ በተቀመጡበት ምንጣፍ ጥግ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ፣ አጠገቤ የነበሩ አሮጊት ነጠላዬን አይተው «አባትሽ ናቸው?» አሉኝ። አይደሉም አልኳቸው። «አጎትሽ?» አይደሉም። «ታዲያ እንዲህ የምትሆኚላቸው ምንሽ ናቸው?» ሳላስበው ከአፌ የወጣው «ረሱሜን የቀበሩልኝ ሰው ናቸው» የሚል ነበር። ሴትዮዋ ሐዘኑ ራሴ ላይ የወጣ መስሏቸው ውሃ አስመጡልኝ። ውሃውን ጠጣሁ። የተናገርኩት ግን እውነት ነበር።

ረሱም የምንለው ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ለምዝገባ የሚያስከፍለውን ገንዘብ ነው። ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ተወልደን፣ ገዳሪፍ አድገን፣ ዐረብኛችን ከአገሬው ልጆች ባይለይም፣ ወረቀታችን ላይ ኢትዮጵያዊ ስለሚል የምንከፍለው የውጭ ዜጋ ዋጋ ነበር። አባቴ ድንበሩ አጠገብ ባለው በፋሽጋ እርሻ የሰው ትራክተር ይነዳ ነበር። ከደሞዙ ግማሹን በመኸር ጊዜ በማሽላ ይቀበል ነበር። ማሽላ ግን የሚረክሰው ያን ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ሲሰበስብ ነው። ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ የሚጠይቀው ደግሞ በኸሪፍ፣ በክረምቱ፣ ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት ማሽላው እሳት ሲሆን ነው። በመካከሉ ስድስት ሰባት ወር አለ። በዚያ ስድስት ሰባት ወር ስንቱ ቤተሰብ እህሉን በርካሽ ሸጦ፣ ገንዘቡን ለመድኃኒትና ለኪራይ አውሎ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቷል።

ዓም ኢድሪስ መፍትሔ አበጁለት። «ዓም» በሱዳኖች አጎት ማለት ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም እንዲያ ነበር የምንጠራቸው። ከከተማው ዳር፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ በነበረው ግቢያቸው ውስጥ አንድ ትልቅ መጥሙራ ነበራቸው። መጥሙራ የእህል ጉድጓድ ነው። ዋልካው ይቆፈራል፣ ግድግዳው በገለባ ይለበጣል፣ ማሽላው ይፈስበታል፣ ከላይ እንደገና ገለባ ይደረግና አፈር ተከምሮ ይረገጣል። በደንብ የተዘጋ መጥሙራ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ጠላቱ ውሃ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ልጅ ያላቸው ዘጠኝ ቤተሰቦች፣ ከፋሽጋም ከገላባትም ከከሰላም፣ በመኸር ማሽላቸውን እዚያ ያመጣሉ። እህሉ አንድ ላይ ይፈስሳል፣ ማንም የራሱን ለይቶ አያውቅም። ከአሥር ጆንያ አንዱ የዓም ኢድሪስ የልፋት ድርሻ ነው። ምዝገባ ሊደርስ ሲል መጥሙራውን ይከፍቱታል፣ በደህና ዋጋ ይሸጡታል፣ የዘጠኛችንም ረሱም ይከፈላል። ሰውየው ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። እኔን ግን መሐንዲስ አድርገውኛል።

ረዥም ነበሩ፣ ቀጭን፣ ጀለቢያቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ። በድርቁ ዘመን ከመተማ በኩል ድንበር ተሻግረው መጥተው፣ በአንድ ነጋዴ መጋዘን ጠባቂነት አረጁ። ሚስታቸውን አልደረስኩባቸውም፤ ልጅም አልነበራቸውም። አርብ አርብ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ጫማቸውን መግቢያው ላይ አውልቀው መጥሙራው ላይ ይወጣሉ። ጣቶቻቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድ ቦታ ብዙ ይቆማሉ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ሄደው እንደገና ይቆማሉ። መሬቱ ሞቅ ካለ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከለሰለሰ፣ በእግራቸው ያውቁታል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሳቄ አምልጦኝ «ዓም ኢድሪስ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

«እህሉን እንዴት አደርክ እያልኩት ነዋ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ከዚያ በኋላ ከአንድ ትሪ ምሳ እንበላለን። አርብ ለተማሪ በዓል ነበር፣ ምክንያቱም በሌላው ቀን አንድ ሰሐን ፉል ለሦስት ነው የምንገዛው፤ ዘይትና ውሃ እያስጨመርን፣ ዳቦውን እያበዛን። ከካምፓስ ቤታችን በእግር አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ረክሻ የምንሳፈረው ፈተና ሲረፍድብን ነው። ሐሊማ ኮፒ ማስነሻ ስለሌላት የሰው ደብተር ተውሳ መጽሐፍ የሚያህል በእጇ ትገለብጥ ነበር። ነጩን የላቦራቶሪ ካፖርት ከእሷ ጋር ተራ በተራ ነበር የምንለብሰው። ትሪው ዙሪያ ስንቀመጥ ሁሉም የየራሱን ምሬት ይጀምራል፤ የቤት ኪራይ፣ ኮፒ፣ የሞባይል ካርድ። ዓም ኢድሪስ ይህን ሁሉ እየሰሙ ይበላሉ፣ ለአንዱም አይመልሱም። ከዚያ ድንገት ምንም ወዳላለው ልጅ ይዞሩና «አንተስ?» ይላሉ። የሚገርመው አይስቱም። ዝም ያለው ልጅ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበረበት።

አራተኛ ዓመት ስደርስ መምህሬ ለመመረቂያ ሥራዬ ሴንሰሮች አሳየኝ። እያንዳንዷ የአውራ ጣቴን ጥፍር ትንሽ ብትበልጥ ነው። በሰዓት ባትሪ ትሠራለች፤ ሙቀትና እርጥበት ለክታ በሬዲዮ ሞገድ ትናገራለች፣ መቀበያው ራቅ ብሎ ይሰማታል። «የሆነ እውነተኛ ቦታ ላይ ሞክሪያቸው» አለኝ። ለእኔ እውነተኛ ቦታ ማለት አንድ ነበር። ካርቱም የሚመላለስ ሰው አራት አመጣልኝ። ዋጋቸውን ለመክፈል አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት ቁርስ ተውኩ። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ዓም ኢድሪስ አራቱን መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩአቸው። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፣ ጉንጬን፣ አንገቴን።

«ቁርስሽን የበሉት እነዚህ ናቸው?»

ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። አንገቴን ደፋሁ።

«በልተው ካልሠሩ ወዮላቸው» አሉና ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው «ቁርስ በላተኞቹ» ሆነ። በየጠዋቱ ወደ ካምፓስ ሳልፍ ግቢያቸው ጎራ ብዬ መቀበያውን ሳይ፣ ከበሩ ሆነው «ቁርስ በላተኞቹ ምን አሉ?» ይሉኛል።

ያን ዓመት መጥሙራው ሲሞላ ሴንሰሮቹን በአራቱም አቅጣጫ ማሽላው ውስጥ ቀበርኳቸው። ዓም ኢድሪስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የከለከሉኝ። «ምንም ነገር ከውስጥ ወደ ውጭ እንዳይወጣ። ሽቦም ሆነ ሸምበቆ። መጥሙራ አፍ ካወጣ ውሃ ይጠጣል።» እሺ አልኩ። አፈሩ ግማሽ ድረስ ሲመለስ መቀበያዬን ከፈትኩ። ሦስቱ ተሰሙ። አራተኛዋ፣ ምሥራቅ በኩል በጥልቅ የቀበርኳት፣ አትሰማም። ዋልካው ድምፅዋን ውጦታል።

ቀኑ አርብ ነበር፤ ወንዶቹ ለሶላት ሄዱ። ሐሊማ ምሳውን ታሰናዳለች። እኔ ብቻዬን መጥሙራው አፍ ላይ ቆሜ የበላሁት ሳይሆን ያልበላሁት ቁርስ ታየኝ። የመጨረሻ ዓመት ነው፤ አንዷ ካልሠራች ሥራዬ ጎዶሎ ነው፤ ጎዶሎ ከሆነ ዓመቱን እደግማለሁ፤ ከደገምኩ አባቴ ሌላ ዓመት ረሱም አለበት። ወረድኩና አፈሩንም ገለባውንም ማሽላውንም ምሼ፣ ክር የምታህል ሽቦ ለአራተኛዋ አንቴና አድርጌ አሰርኩላት። ሽቦዋን በግድግዳው ጥግ አምጥቼ፣ መጥሙራው ሲዘጋ ከላይ አንድ ጣት አፈር ብቻ እንዲሸፍናት አድርጌ ተውኳት። መቀበያው ወዲያው ሰማት። እንዲያውም ከአራቱ እሷ በጣም ጮክ ብላ የምትሰማ ሆነች። ወንዶቹ ሲመለሱ መጥሙራው ተዘጋ፣ ተረገጠ። ማንም አላወቀም።

በበጋው ወራት ኮራሁ። አራቱም ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ዓም ኢድሪስ በእግራቸው የሚሰሙትና የእኔ ቁጥር ይገጥማል። «እነዚህስ ጎበዞች ናቸው» ይሉኝ ጀመር። አንዳንዴ ጭራሽ ከእሳቸው እግር የኔ ሴንሰር ይበልጣል እያልኩ ከሐሊማ ጋር እቀልድ ነበር።

ኸሪፍ ገባ። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ በዘነበ በማግሥቱ አራተኛዋ ዝም አለች።

ባትሪዋ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩ። ልቤ ግን ሽቦዋን ያውቃል። የመመረቂያ ሥራዬን መምህራን ፊት ቆሜ ላቀርብ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ዓም ኢድሪስ ከበሩ ሆነው «ቁርስ በላተኞቹ ምን አሉ?» ሲሉኝ፣ «አራቱም ደህና ናቸው» አልኳቸው። ደብተሬ ላይ የትናንቱን ቁጥር ትንሽ ቀየር አድርጌ ጻፍኩ። በማግሥቱም እንዲያው። ስድስት ቀን ጻፍኩ፤ ስድስት ቀን «አልሐምዱሊላህ» ሲሉኝ ሰማሁ። ውሸት አንዴ ከተጀመረ እንዴት ቀላል እንደሚሆን ያኔ ነው ያየሁት። አራተኛው ቀን ላይ ቁጥሩን ሳላስብ ነበር የምጽፈው።

ሰባተኛው ቀን አርብ ሆነ። ዓም ኢድሪስ የኔን ቁጥር አምነው፣ ያካፋም ስለነበር፣ ያን ቀን መጥሙራው ላይ አልወጡም። ትሪው ቀረበ፣ ሁሉም ምሬቱን ጀመረ። ከማል የሚባል ግብርና የሚያጠና የከሰላ ልጅ ነበረን፣ በወሬ የሚበልጠው የሌለ። ያን ቀን ዝም ብሎ ዳቦ ይቆርሳል።

«ከማል፣ አንተስ?» አሉት ዓም ኢድሪስ።

«ታማም ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ዓም ኢድሪስ።»

«ታማም የሆነ ሰው ያማርራል። ቁርስ መብላት ከተውክ ስንት ቀን ሆነህ?»

«አሥር» አለ ከማል። የመስክ ጉዞ መዋጮ ከፍሎ ባዶ እጁን ቀርቶ ኖሯል። ሐሊማ ከፊቷ ያለውን ሥጋ ወደ እሱ ገፋችለት። ዓም ኢድሪስ እጃቸውን ከትሪው አንስተው አዩን።

«ስሙኝ። የሚያማርር ልጅ አያስፈራኝም፣ ደህና ነው ማለት ነው። ዝም ያለኝ ለታ ነው ጫማዬን አጥልቄ የምነሳው። ያ ልጅ ወይ ታሟል፣ ወይ ርቦታል፣ ወይ የደበቀኝ ነገር አለ።» ከዚያ ለጨዋታው ያህል ወደ እኔ ዞሩ። «ቁርስ በላተኞቹስ? ከእነሱ መካከል ዝም ያለ የለም?»

የያዝኩትን ዳቦ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ። አለቅሳለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አላለቀስኩም።

«አራተኛዋ ዝም ካለች ዛሬ ሰባተኛ ቀኗ ነው» አልኩ። «ስድስት ቀን ደህና ናት ያልኩዎት ውሸቴን ነው። ሽቦም አስገብቼባታለሁ፣ ለሶላት የሄዳችሁ ጊዜ።»

የስምንት ሰው እጅ ትሪው ላይ ቀረ። ሁሉም ረሱማቸው የት እንዳለ ያውቃሉ። ከማል ራሱ ቀና ብሎ አየኝ፤ የዚያን ልጅ አስተያየት አልረሳውም። ዓም ኢድሪስ አልተቆጡም። «በየት በኩል?» ብቻ አሉኝ።

«በምሥራቅ።»

ተነስተው ወጡ። እያካፋ ነበር። በባዶ እግራቸው ጭቃው ላይ ወጥተው መጀመሪያ ምዕራቡ ላይ ቆሙ፣ ከዚያ ሰሜን፣ ከዚያ ደቡብ። ምሥራቁ ላይ ሲደርሱ ብዙ ቆሙ። አንድ እግራቸውን አንስተው እንደገና አስቀመጡት። ሁላችንም ከራኩባው፣ ከግቢው ዳስ ሥር ተደርድረን እግራቸውን እናያለን።

«ከታች ይሞቃል» አሉ። «ዶማ አምጡ።»

በዝናብ መጥሙራ መክፈት የጨነቀው ሰው ሥራ ነው። ሴቶቹ ሸራ ወጥረን በአራት ማዕዘን ያዝን፣ ወንዶቹ ከሥሩ ቆፈሩ። እጃችን ዝሎ ሸራው ሲረግብ ሐሊማ «ያላ፣ በርቱ፣ ከፍ አድርጉት!» ትለናለች። ገለባው ሲገለጥ የጎመዘዘ ሽታ ወጣ። ዓም ኢድሪስ እጃቸውን ማሽላው ውስጥ እስከ ክርናቸው ሰደዱት። ምዕራቡ ደረቅ ነው። መካከሉም ደረቅ ነው። በምሥራቁ ግድግዳ፣ ሽቦዬ የወረደችበትን መንገድ ተከትሎ፣ ማሽላው ጠቁሮ፣ ሻግቶ፣ እንደ ድንጋይ ተጋግሮ ነበር። ከሥሩ አራተኛዋ ሴንሰር ተገኘች። ባትሪዋ ዝጓል፤ ዙሪያዋን ማሽላው በቅሎ ነጫጭ ሥሩ ተጠምጥሞባታል። ዓም ኢድሪስ አነሷት፣ ቡቃያውን በጣታቸው ገፈው ሰጡኝ።

«ሌላ አሥር ቀን ቢቆይ ሁሉም ሄዶ ነበር» አሉ። ማንንም እያዩ አልነበረም የተናገሩት።

የተበላሸው ሰባት ጆንያ ሆነ። ያን ያህል የሚሆን ረሱም ከማን እንደሚጎድል ማንም ለመጠየቅ አልደፈረም። እኔ ተነሳሁ፤ ከአባቴ ድርሻ ይቀነስ፣ ሽቦው የኔ ነው አልኩ። ያን ስል አባቴ በፋሽጋ ፀሐይ ትራክተሩ ላይ ተቀምጦ ታየኝ። ዓም ኢድሪስ የተበላሸውን በአካፋ ወደ ጎን እያወጡ ነበር።

«አይቀነስም» አሉ። «የተበላሸው የኔ ነው። የኔ ድርሻ በምሥራቅ በኩል ነበር።»

«ዓም ኢድሪስ፣ እህሉ እኮ የተደባለቀ ነው» አልኩ። «የማን የት እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«ያፈሰሰው ማነው? እኔ። የዘጋው ማነው? እኔ። እንግዲህ የማውቀው እኔ ነኝ። ኸላስ፣ አለቀ።»

መጥሙራ አንዴ ከከፈቱት ተመልሶ አይዘጋም። የቀረውን ደረቅ ማሽላ በጆንያ ሞልተን የት እናግባው ስንል፣ የመኝታ ክፍላቸውን አስከፈቱን። አልጋቸው ወጥቶ ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደረደረ። ዋጋው ደህና እስኪሆን አንድ ወር ሙሉ ራኩባ ሥር ተኙ፣ በዚያ ዝናብ። የዘጠኛችን ረሱም፣ የኔም የመመረቂያ ክፍያ ሳይቀር፣ ሳይጎድል ተከፈለ። እሳቸው ያን ዓመት ከልፋታቸው አንዲት ፍሬ አላገኙም።

በዚያው ቀን ሁሉም ሲሄድ ወደኋላ ቀርቼ «ለምን አልተቆጡኝም?» አልኳቸው። እግራቸውን እየታጠቡ ነበር።

«ሽቦውን ጭንቀት ነው ያስገባው፣ ያ አይከፋኝም። ስድስቱ ቀን ግን አንቺ ነሽ፣ ቢንቲ፣ ልጄ። እነሱ ናቸው ያስከፉኝ።» ውሃውን አፍስሰው ቀጠሉ፣ «ይች ነገርሽ ግን አልዋሸችም። ዝም ብላ ውሃ ገባ አለችሽ። አንቺ ነሽ አፍ ያበጀሽላት።»

ደብተሬን አውጥቼ የፈጠርኳቸውን ስድስት ቁጥሮች አሳየኋቸው፣ ማንበብ ባይችሉም። ምን ልጻፍባቸው አልኳቸው። «ዝም ያለችበትን ዝም አለች ብለሽ ጻፊ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ሠንጠረዤ ላይ ስድስቱን ቦታ ባዶ ተውኩና ከሥሩ ያደረግሁትን ሁሉ፣ ሽቦውንም ውሸቱንም፣ ዘረዘርኩ። መምህራኑ ፊት ቆምኩ። ዓም ኢድሪስ አዲስ የታጠበ ጀለቢያ ለብሰው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ጫማቸውን ወንበሩ ሥር አውልቀውታል። አንደኛው መምህር «የሴንሰርሽን ልኬት ትክክል መሆኑን ከምን ጋር አስተያየሽው?» አለኝ።

«ከዓም ኢድሪስ እግር ጋር» አልኩት።

አዳራሹ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቀም፤ እሳቸውን አስነስቶ ግማሽ ሰዓት ጠየቃቸው፣ እሳቸውም በዐረብኛቸው ስለ አፈር ሙቀት እያስረዱ ብዙ ቆሙ። በመጨረሻ መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ «ከጠቅላላው ገጽ እህሉን ያዳነው ባዶው ቦታ ነው፤ መሣሪያሽ ሙቀት ሲጨምር ብቻ ሳይሆን ዝም ሲልም እንዲጮህ አድርጊው» አለኝ። ውጤቴ ከፍተኛ አልነበረም። አለፍኩ። ዛሬ በምሠራበት የሰሊጥ መጋዘን ያሉት መሣሪያዎች በሙሉ፣ ለአሥር ደቂቃ ዝም ያሉ እንደሆነ ደወል የሚያሰሙ ናቸው። ደወሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ አርብ በኋላ ዓም ኢድሪስ አንድ ልማድ አመጡ። «መሬት ውስጥ ያሉት አለን አለን ካሉ፣ ናንተስ ምን ይከለክላችኋል?» አሉን። አርብ ከሶላት በኋላ ትሪው ላይ ያልተገኘን ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ በስልክ እንድንጠራቸው አዘዙን፤ እሳቸው አያነሱትም፣ እኛም ካርድ አይቆርጥብንም። አንድ ጥሪ ማለት ደህና ነኝ ማለት ነው። ያልጠራ እንደሆነ ጫማቸውን አጥልቀው ይመጣሉ። ቀልድ መስሎን ነበር። አንዴ ወባ ይዞኝ ብቻዬን ተኝቼ ሳልጠራ ስቀር፣ ማታ ሳይሆን ገና ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ በሬ ተንኳኳ። በአንድ እጃቸው ብርቱካን፣ በሌላው ሐሊማን ይዘው ነበር። ከተመረቅንም በኋላ፣ አንዱ ፖርት ሱዳን ሌላው ካርቱም ከተበተንን በኋላም፣ አርብ አርብ እንጠራ ነበር።

የተቀበሩት ረቡዕ ነው። አርብ ቤቴ ሆኜ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ሰዓቱ ሲደርስ እጄ በልማዱ ወደ ስልኩ ሄደና ማንን እንደምጠራ ጠፋኝ። ያኔ ስልኬ አንዴ ጠርቶ ዘጋ። ከማል ነበር፣ ከከሰላ። ቀጥሎ ሌላው፣ ከፖርት ሱዳን። ቀጥሎ ሌላው። ከማልን መልሼ ደወልኩለት።

«ምን ሆናችሁ ነው ሁላችሁም እኔን የምትጠሩኝ?»

«አልነገሩሽም?» አለ። «ባለፈው ወር ሊጠይቃቸው የሄደውን ሁሉ አዘዋል። ‹እኔ ዝም ያልኩ እንደሆነ ለትርንጎ ጥሩ። እሷ ዝምታን አንዴ ደብቃው ታውቃለች፣ ሁለተኛ አትደብቅም› ብለው።»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ስድስቱን ቀን ይቅር ብለውኛል እያልኩ ነበር የኖርኩት፤ ለካ ለዚህ ቀን አስቀምጠውልኝ ነው። ከእንባዬ መካከል ጥሪዎቹን ቆጠርኩ። ስምንት መሆን ነበረባቸው፤ ሰባት ናቸው። ጠበቅሁ። ስምንተኛዋ ሐሊማ ናት። በመጨረሻው ሳምንት አልጋቸው አጠገብ ሆና ያስታመመቻቸው እሷ፣ ልቅሶ ቤት ውሃ ስታዞር የዋለችው እሷ። ደወልኩላት፣ አታነሳም። ሥራ ላይ ትሆናለች ብዬ ልተወው ፈልጌ ነበር። ያን ሐሳብ አውቀዋለሁ።

ጫማዬን አጠለቅሁና ረክሻ ያዝኩ። ሐሊማ በሩን ስትከፍት ዓይኗ አብጧል፣ የሥራ ልብሷን ከትናንት ጀምሮ አላወለቀችም።

«ስልኬ ባትሪ ጨርሶ እኮ ነው» አለችኝ።

«ቁርስ በልተሻል?»

ፊቷን አዞረች። እጇን ይዤ አስገባኋትና ምድጃውን ለኮስኩ።